አንድ ስሞሽ ያስተማረኝ



ይህን ጽሑፍ ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ትቼው ነበር። የተውኩት የምጽፈው አጥቼ ሳይሆን ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ነው። ሰው የሌላውን ጥፋት ሲያወራ ብዕሩ ይሮጣል፤ የራሱ ሲሆን ይጎተታል። በመጨረሻ ያበረታታችኝ ታናሽ እኅቴ ናት። «በእኔ ልጅ የደረሰው በሌላ ሰው ልጅ እንዳይደርስ ከሆነ ጻፈው ወንድምዬ፤ ስማችንን ብቻ አታንሣ» አለችኝ። ስለዚህ የማንንም ስም ሳላነሣ፣ ነገሩን እንደሆነው አወጋችኋለሁ።

እኔ ወሎ ተወልጄ ያደግሁ፣ በኮምቦልቻ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ልጅ ሳለሁ ጠዋት አስኳላ፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ እየተመላለስኩ ተምሬያለሁ። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በየፊናቸው አንድ ነገር አስተምረውኝ ነበር። አንዱ በሽታ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ሌላው የሰው ስም እንዴት እንደሚጠበቅ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱንም ትምህርት በአንድ ሳምንት ውስጥ ረስቼ ተገኘሁ።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ደርሶ ነበር። ጉንፋን ይዞኝ፣ ሌሊት ፈተና ሳርም አምሽቼ፣ ቀን ደግሞ ተማሪዎች ስናሰልፍ ፀሐይ ላይ ስቆም ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን የታችኛው ከንፈሬ ጥግ ያሳክከኝ፣ እንደ መርፌም ይወጋጋኝ ጀመር። በማግስቱ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ተሰብስበው ወጡ። ያከራዩኝ እናት ገና ሲያዩኝ «ምች መትቶሃል ልጄ» አሉና ከጓሯቸው ዳማከሴ ቆርጠው፣ በመዳፋቸው አሽተው ሰጡኝ። እኔም አልደነቀኝም። ምች ከልጅነቴ ጀምሮ በዓመት አንዴም ሁለቴም የሚጎበኘኝ የታወቀ እንግዳዬ ነው።

በዚያው ሳምንት ደሴ ያለችው እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጅ፣ ወልዳ ነበር። በሰባተኛው ቀን አቂቃ ተደርጎ ዘመድ ሁሉ ተጠራ። እኔም በሚኒባስ ወጣሁ። ቤቱ ሞልቷል፤ ሥጋው ይጠበሳል፤ ቡናው ይፈላል። እናቴ ሕፃኗን ከፍራሹ አንሥታ «እንካ፣ ከአንተ በቀር የእናቷ ወንድም የላትም» ብላ እቅፌ ላይ አኖረቻት። ዱዓ አደረግሁላት። ከዚያም ጉንጯን ሳምኳት፤ ደግሜም ሳምኳት። የከንፈሬ ቁስል ገና ቅርፊት እየያዘ ነበር። በዚያ ቤት ከነበረው ሰው ሁሉ፣ በሽታ ከየት ወደ የት እንደሚተላለፍ በደመወዝ የሚያስተምር እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከስምንት ቀን በኋላ እናቴ ደወለች። «ልጅቱ ጡት አልይዝ ብላለች፤ ገላዋ እሳት ሆኗል፤ ጉንጯም ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቶባታል» አለችኝ። ሆስፒታል ስደርስ ሕፃኗ ተኝታ ነበር። በዚያች በትንሿ ጉንጯ ላይ ያየሁት እኔ ከንፈር ላይ ወጥቶ የነበረው ያው ነገር ነው። ተሰብስበው የወጡ፣ ሥራቸው የቀላ፣ ጥርት ያለ ውሃ የያዙ እብጠቶች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ከመረመረቻት በኋላ ሁላችንንም አየችንና «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ይህችን ልጅ ይዟት ወይም ስሟት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ዘመዶቼ እርስ በርስ ተያዩ። የእኔ ከንፈር በዚያን ጊዜ ድኖ፣ ቅርፊቱም ወድቆ ነበር። እኔ ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። አፍሬ ነው። መምህር ነኝ። እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ የምታይበትን አስተያየት ፈርቼ ነው። ሐኪሟ መልስ ባትሰጧትም አልቆየችም። ለባክቴሪያ የሚሰጠውንም፣ ለቫይረሱ የሚሰጠውንም መድኃኒት በአንድነት አዘዘች፤ ካርዱም ላይ ከሌሎች ቃላት ጋር «ሄርፒስ» ብላ ጻፈች። የእኅቴ ባል በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲሮጥ አምሽቶ አገኘው።

ሌላው መከራ የመጣው ሌሊት ነው። የእኅቴ ባል ካርዱ ላይ ያየውን ቃል በስልኩ ፈልጎ አነበበ። ያገኘውም «የአባላዘር በሽታ» የሚል ነበር። በሚቀጥለውም መስመር «ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል» ይላል። ከዚያ በኋላ ከሚስቱ ጋር መነጋገር አቆመ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ዝም ብቻ አለ። ጠዋት ስመጣ እኅቴ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። «ወንድምዬ፣ ምን ብዬ ልማልለት? እኔ እንኳ ስሙን የማላውቀውን በሽታ» አለችና እንባዋ ወረደ።

ክቡራን አንባብያን፣ በአንድ ንጹሕ ሴት ላይ ጥርጣሬ ሲወድቅ እያየ፣ እውነቱን እያወቀ ዝም የሚል ሰው ምን እንደሚባል ገና በመድረሳ ሳለሁ ተምሬያለሁ። ዝምታዬ ከከንፈሬ ቁስል የባሰ ተላላፊ ሆኖ ነበር። ወዲያው ሐኪሟ ክፍል ገብቼ ነገርኳት። እሷም አልተቆጣችም። «ይህን ትናንት ብትነግረኝ መድኃኒቱ አይለወጥም ነበር፤ የእኅትህ ሌሊት ግን ይለወጥ ነበር መምህር» አለችኝ። ከዚያም ባልና ሚስቱን አስጠርታ በፊቴ አስረዳቻቸው። ያን ቀን ከእርሷ የሰማሁትንና በኋላም ያነበብኩትን፣ ዓመታት ሳስተምረው የኖርኩትንም ጨምሬ፣ እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

ሄርፒስ ምንድን ነው?

ሄርፒስ የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የአንድ የቫይረስ ቤተሰብ ስም ነው። ሰውን የሚይዙት የዚህ ቤተሰብ አባላት በተለምዶ ስምንት ተብለው ይቆጠራሉ። ሐኪሞች ቺክን ፖክስ የሚሉት የልጆች በሽታና በትልልቅ ሰዎች ላይ የሚወጣው አልማዝ ባለጭራ የሚመጡት ከዚሁ ቤተሰብ ከሆነ ከአንድ ቫይረስ ነው። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውን ምች የሚያመጣው ደግሞ ዓይነት አንድ የሚባለው ነው። (አገራችን ውስጥ ምች የሚለው ስም ለሌላም ሕመም ይሰጣል፤ እኔ እዚህ የማወራው ስለ ከንፈሩ ብቻ ነው።) በአብዛኛው በሩካቤ የሚተላለፈው ዓይነት ሁለት የሚባለው ወንድማቸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑት የዓለም ሰዎች 3.8 ቢሊዮን ያህሉ፣ ማለትም ከ100 ሰው 64ቱ፣ ዓይነት አንዱን በሰውነታቸው ይዘው ይኖራሉ። ብዙዎቹ የያዛቸው በልጅነታቸው፣ ከሚወዷቸው ዘመዶች ስሞሽ ነው። እንግዲህ ካርድ ላይ የተጻፈ ቃል ብቻውን በማንም ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም። ሐኪሟ ለእኅቴ ባል የጨመረችለት ሌላም ነገር ነበር። ይህ ቫይረስ በአንድ ሰው ገላ ውስጥ ለዐሥርት ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ዓይነት ሁለት ሆኖ ቢገኝ እንኳ መቼ እንደገባ ስለማይታወቅ ትዳርን ለመፍረድ ማስረጃ አይሆንም አለችው።

የመጀመሪያው ማንቂያ

ቫይረስ ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። እንዲባዛ የሰው ሕዋስ ውስጥ መግባት፣ የሕዋሱንም መሣሪያ መጠቀም አለበት። ያልተቆረጠ፣ ያልተላጠ ቆዳ ለዚህ ቫይረስ ጽኑ ግድግዳ ነው። የከንፈርና የአፍ ውስጥ ስስ ሽፋን፣ የአራስ ልጅም ቆዳ ግን እንደዚያ አይጠነክሩም።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ግን ሕዋሱ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። በውስጡ እንግዳን የሚለዩ ዳሳሾች አሉት። የሰው ዘረ መል የሚቀመጠው በሕዋሱ ማኅደር ውስጥ ነው። ዲኤንኤ ከማኅደሩ ውጭ ሲገኝ ሲጋስ የሚባለው ዳሳሽ ይነቃል፤ ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ሌላው ዳሳሽ ቲኤልአር ሦስት ይባላል። ቫይረሱ ሲባዛ የሚፈጠረውን ባለ ሁለት ሰንሰለት አርኤንኤ ይለያል።

ዳሳሾቹ ሲነቁ ሕዋሱ ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ውጭ ይለቃል። ይህ የጎረቤት ኡኡታ ማለት ነው። እሱ ራሱ ላይድን ይችላል፤ ጎረቤቶቹ ግን ሰምተው በራቸውን ይዘጋሉ፣ ቫይረሱ የሚባዛበትንም መንገድ ያጠባሉ። ኢንተርፌሮንን እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ ያገኙት አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ናቸው።

ይህ ማንቂያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሄርፒስ ከስንት አንድ ጊዜ አንጎል ውስጥ ገብቶ ከባድ ሕመም የሚያመጣባቸው ልጆች አሉ። በፈረንሳይ የዣን ሎሮን ካዛኖቫ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳወቀው፣ ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ሌላውን ተላላፊ በሽታ እንደማንኛውም ልጅ ሲቋቋሙ፣ የቲኤልአር ሦስት ዘረ መላቸው ላይ ብቻ ጉድለት ነበረባቸው። አንዲት ትንሽ ማንቂያ ብትጎድል እንኳ እንዲህ ያለ ክፍተት ይከፈታል።

መታወቂያ ማሳየት

ኡኡታው ጊዜ ይገዛል እንጂ ጦርነቱን አይጨርስም። ቀጥለው የሚደርሱት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ከእነርሱ መካከል ቲ ሴል የሚባሉት አንድ ከባድ ችግር አለባቸው። ቫይረሱ የተደበቀው በገዛ ሕዋሳችን ውስጥ ነው። የታመመውን ከጤነኛው በምን ይለዩታል?

ተማሪዎቼን ሳስተምር የማቀርበው ምሳሌ የቀበሌ መታወቂያ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን ሁሉ ቁራጭ ናሙና እየወሰደ በውጭ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ተቆጣጣሪው ቲ ሴል እያለፈ ያያል። ናሙናው የራሳችን ከሆነ ያልፋል፤ የቫይረስ ከሆነ ሕዋሱን እንዲጠፋ ያደርገዋል። ተቆጣጣሪው እንግዳውን ናሙና ብቻ ሳይሆን የሰቀለውን የራሳችንን መስቀያም አብሮ ማወቅ እንዳለበት ያረጋገጡት ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ሲንከርናገል ናቸው። ካንቤራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 እና 1974 ከአይጦች ጋር በሠሩት ሥራ በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ሄርፒስ ግን ከሰው ጋር እጅግ ረጅም ዘመን የኖረ አሮጌ ጠላት ስለሆነ ይህን ያውቃል። አይሲፒ 47 የሚባል አንድ ትንሽ ፕሮቲን አለው። ናሙናው ወደ መስቀያው የሚያልፍበትን በር ሄዶ ይወትፋል። በሩ ሲዘጋ መስቀያው ባዶ ይቀራል፤ ተቆጣጣሪውም የሚያየው ያጣል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ተማሪዎቼ «ታዲያ አሸነፈን ማለት ነው?» ይሉኛል። አላሸነፈም። ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉ ሌሎች ሕዋሳት ደግሞ የሚፈልጉት ተቃራኒውን ነው። እነርሱ የሚጠረጥሩት መታወቂያ የሌለውን ነው። ከቲ ሴል ለማምለጥ መታወቂያውን የደበቀ ሕዋስ በእነርሱ እጅ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 በሕክምና መጽሔት ላይ የተገለጸች አንዲት ወጣት እነዚህ ሕዋሳት አልነበሯትም፤ ደጋግመው ክፉኛ ያሠቃዩዋት የሄርፒስ ቤተሰብ ቫይረሶች ነበሩ።

ሦስተኛው ዘብ ፀረ እንግዳ አካል ወይም አንቲቦዲ የሚባለው ነው። ከሕዋስ ውጭ የሚንሳፈፈውን ቫይረስ ይይዛል፣ ወደ አዲስ ሕዋስም እንዳይገባ ያደርጋል። ሄርፒስ ለዚህም ዘዴ አለው፤ አንቲቦዲውን በጭራው በኩል ይዞ ሥራውን ለማሰናከል የሚሞክር ፕሮቲን በላዩ ላይ ይዟል። ብልሃት በብልሃት ላይ፣ ዘብ በዘብ ላይ የተደራረበበት ጦርነት ነው።

የማይወጣ እንግዳ

ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ቁስሉ ይደርቃል፤ ሰውነት አሸነፈ። ታዲያ ምች ለምን ተመልሶ ይመጣል?

ቫይረሱ ቆዳ ላይ እየተዋጋ ሳለ ከፊሉ በነርቭ ጫፍ ገብቶ ወደ ላይ ይጓዛል። በጆሮ ፊት ለፊት፣ የራስ ቅል ሥር፣ የፊት ነርቮች አካል የተሰበሰበበት አንድ እብጥ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ይተኛል። በተኛበት ጊዜ ፕሮቲን አይሠራም ማለት ይቻላል። ፕሮቲን ካልሠራ ናሙና የለም፤ ናሙና ከሌለ ተቆጣጣሪው የሚያየው የለም። ዕድሜ ልክ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በዙሪያው ግን ዘብ አለ። እሱን የሚያውቁ ቲ ሴሎች በዚያ የነርቭ ቦታ ሰፍረው ይኖራሉ። እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ የሚቀጥለው ነገር ነው። የነርቭ ሕዋስ ከሞተ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ እንደ ቆዳ ሕዋስ ቢገደል ፊታችን ይደነዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ከፒትስበርግ የወጣ የአይጦች ጥናት እንዳሳየው፣ እነዚህ ዘቦች በሌላ ቦታ ሕዋስ የሚገድሉበትን መሣሪያ እዚህ ሲጠቀሙ ነርቩን ሳይገድሉ፣ ቫይረሱ ለመንቃት የሚያስፈልገውን ቁልፍ ፕሮቲን ብቻ ይቆርጡበታል። እስረኛው እንዳይነሣ ይደረጋል፤ ቤቱ ግን አይፈርስም።

ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ የፀሐይም ጨረር ሲበዛ ግን የዘቡ ጉልበት ይላላል። ቫይረሱም ይነቃና በዚያው ነርቭ ወደ ከንፈር ይወርዳል። ቁስሉ ከመውጣቱ በፊት የሚያሳክከውና የሚወጋጋው ለዚህ ነው። እናቶቻችን «ፀሐይ መታው፣ ምች ሆነበት» ሲሉ መነሻውን አልሳቱም ነበር። ፀሐይዋ በሽታውን አትሰጥም፤ የተኛውን ግን ትቀሰቅሳለች። እኔን ያን ሳምንት ያገኘኝም ይኸው ነው። ጉንፋን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ፀሐይ።

ሰውነት ለሁለተኛ ጊዜ ሲገጥመው ፈጣን የሚሆነው ትዝታ ስላለው ነው። መድረሳ ሳለን ሎሃችን ላይ የጻፍነውን ሸምድደን ስንጨርስ እናጥበው ነበር። ቀለሙ ከእንጨቱ ላይ ይጠፋል፤ ደረታችን ውስጥ ያለው ግን ይቀራል። በሽታን የመከላከል ትዝታም እንዲሁ ነው። ቁስሉ ጠፍቶ፣ የተማሩት ሕዋሳት ይቀራሉ። የእኔ ሰውነት ያን ሎህ ከሃያ ዓመት በላይ ሲከልሰው ኖሯል። ለዚህ ነው ምች ለእኔ የሁለት ቀን ማሳከክ ብቻ የሆነው። የሰባት ቀን ልጅ ግን ሎሃዋ ገና ባዶ ነው።

የእናት ስንቅ

አራስ ልጅ መከላከያ የላትም ማለት አይደለም። አላት፤ ግን ዝግተኛ ነው። ኢንተርፌሮኗ ደካማ ነው፣ ገዳይ ሕዋሳቷ ገና አልጠነከሩም፣ ቲ ሴሎቿ ጠላት አይተው አያውቁም። ስለዚህ በትልቅ ሰው ከንፈር ላይ የሚቆም ቫይረስ በእርሷ ገላ ውስጥ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጎል ሊሮጥ ይችላል። ሕክምና ባልነበረበት ዘመን ቫይረሱ በመላ ሰውነታቸው ከተሠራጨባቸው ሕፃናት ከ100 85 ያህሉ ይሞቱ ነበር። ዛሬ በመድኃኒቱ ይህ ቁጥር ወደ 30 ወርዷል፤ ቆዳ ላይ ሳለ የተደረሰባቸው ግን በአብዛኛው ይድናሉ። አራሶችን ከሚይዘው ሄርፒስ አብዛኛው በወሊድ ጊዜ ከእናት የሚተላለፍ ነው። ከ100 ዐሥር ያህሉ ግን ከወሊድ በኋላ፣ ከሚስማቸውና ከሚይዛቸው ሰው የሚመጣ ነው።

ነገር ግን ልጅ ባዶ እጇን አትወለድም። በተለይ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት የእናት አንቲቦዲዎች በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋሉ። እናት በሕይወቷ የተዋጋችውን ጦርነት ውጤት ለልጇ ስንቅ አድርጋ ትሰጣለች። ሐኪሟ «ልጅ ሳለሽ ምች ይወጣብሽ ነበር?» ብላ እኅቴን ስትጠይቃት፣ የመለሰችው እናቴ ነበረች። «ሁለቱም ላይ ይወጣ ነበር። ዳማከሴ ስቀጠቅጥ ነው ያሳደግኳቸው» አለች። ሐኪሟም ከሕፃኗ ጀርባ የተወሰደው ፈሳሽና የደም ምርመራው ደኅና መሆኑን ከነገረችን በኋላ፣ በሽታው ቆዳ ላይ እንዲቆም የእናቷ አንቲቦዲ ረድቷት ሊሆን እንደሚችል ገለጸችልን። የእኅቴ ባል ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ሌሊቱን ሙሉ የከሰሳት ሴት ለልጁ ከመወለዷ በፊት ጋሻ ሰጥታት ኖሯል።

የቀረውን የሠራው አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት የተገኘው በአሜሪካ ገርትሩድ ኤሊየን በምትመራው ቡድን ሲሆን፣ እሷም በ1988 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦች ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። ብልሃቱ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ወደ ጤነኛ ሕዋስ ሲገባ እንደተኛ ያልፋል ማለት ይቻላል። ቫይረሱ ያለበት ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን የቫይረሱ የራሱ ኤንዛይም ይቀሰቅሰዋል፤ የተቀሰቀሰውም መድኃኒት የቫይረሱን ዘረ መል ቅጂ በመሐል ይቆርጠዋል። ቫይረሱ በገዛ እጁ ይታሰራል። የተኛውን ግን አያጠፋም። የዚህ ቫይረስ ክትባትም እስከ ዛሬ የለም።

ሕፃኗ 14 ቀን ሆስፒታል ተኝታ በየ8 ሰዓቱ መድኃኒቱን ወሰደች። በአራተኛው ቀን ትኩሳቷ ወረደ፤ በስድስተኛው ቀን ጡት አጥብቃ ያዘች። አልሐምዱ ሊላህ፣ ዛሬ ትሮጣለች፣ ታወራለች፣ እኔንም «አጎቴ» ትለኛለች። ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ ከእኔ በቀር ብዙ ሰው አያያትም። ቫይረሱ በእርሷም ነርቭ ውስጥ ተኝቷል፤ ከእኔ የወረሰችው እርሱን ነው።

የእኅቴ ባል ሚስቱን ይቅርታ የጠየቃት በእናቴና በእኔ ፊት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተን አልወቅስህም መምህር፤ አንተ ሳታውቅ ሳምክ፣ እኔ ሳላውቅ ፈረድኩ» አለኝ። እኔ ግን አላስተባበልኩም እንጂ ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። እኔ አውቅ ነበር። ትምህርቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበረ፤ እጄና ከንፈሬ ላይ ግን አልደረሰም ነበር። ይህንንም በኋላ ብቻውን አግኝቼ ነግሬዋለሁ።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን፣ ከዚህ የሚከተለውን ልለምናችሁ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው፣ ማሳከክም የጀመረው ቢሆን፣ ቅርፊቱ ወድቆ ቆዳው እስኪድን ድረስ ሕፃን አይሳም። ቫይረሱ ቁስል ሳይታይም ሊወጣ ስለሚችል፣ የሰውን አራስ ልጅ ፊት ጨርሶ አለመሳም ይበልጣል። ፍቅራችንን በዱዓ መግለጽ እንችላለን።

ሁለተኛ፣ ቁስሉን የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ዓይን አይንካ። ይህ ቫይረስ የዓይንን ብሌን ሊያቆስልና እይታን ሊያጠፋ ይችላል። ስኒ፣ ብርጭቆና ፎጣ ለብቻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ምች የወጣባት እናት ልጇን ማጥባት አታቁም። ቁስሉ ጡቷ ላይ ካልሆነ በቀር ወተቷ አይጎዳም። አፏን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በማስክ ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ታጥባው፤ አትሳመው እንጂ።

አራተኛ፣ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ያለ ልጅ ትኩሳት ካለው፣ ጡት ካልያዘ፣ ከተዝለፈለፈ፣ ወይም ገላው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ከወጣ፣ ቅጠል እየተፈለገ አይቆይ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

አምስተኛ፣ ሐኪም ሲጠይቅ እውነቱ ይነገር። የሐኪም ጥያቄ የክስ ጥያቄ አይደለም።

የአቂቃ እንግዳ ሲመጣ «ልጅቱን አትሳም» ማለት ለእናት ከባድ ነው። ነውር ይመስላታል፤ ዘመድ ይቀየማል። ስለዚህ ይህን ቃል ከእናትየው አፍ አትጠብቁ፤ አያት፣ አጎት፣ አክስት አስቀድመው ይናገሩት። እኅቴ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ በሩ ላይ ተቀምጬ ለሚገባው ሁሉ «እጅ ታጥባችሁ፣ ፊቱን ሳትስሙ» እያልኩ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አንዳንዶቹ ሳቁብኝ። አንዲት የጎረቤት እናት ግን ቆመው «ምነው መምህር፣ አንተ ልጅ አትወድም እንዴ?» አሉኝ። «በጣም እወዳለሁ እማማ፣ በመውደዴ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓዳ ገቡ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።